«በቦርድ ወጥቻለሁ፤ ብሩ እስከ መቼ ነው?»

«ሜዲካል ቦርዱ ቋሚ ጉዳት ብሎ ጽፎልኛል። ከእንግዲህ ብሩ ዕድሜ ልክ ነው፣ አይደል?» ከኮምቦልቻ የፋብሪካ ሰፈርም ሆነ ከደላንታ ገጠር የሚመጣው ጥያቄ ይኸው ነው። መልሱ ግን አንድ አይደለም። ሁለት ሰዎች በአንድ ቀን፣ ከአንድ ሆስፒታል፣ አንድ ዓይነት ወረቀት ይዘው ሊወጡ ይችላሉ። አንዱ እስከ ዕለተ ሞቱ በየወሩ አበል ይቀበላል። ሌላው አንዴ ይከፈለውና በዚያው ይዘጋል። ሦስተኛ ሰው ካለ ደግሞ ቀበሌ ሄዶ ስሙ መኖሩን በየዓመቱ ማየት አለበት።

ይህ የሚሆነው የሚከፍለው ኪስ ስለሚለያይ ነው። ስለዚህ «እስከ መቼ?» ከማለት በፊት «ከማን ኪስ?» ማለት ይቀድማል።

አንድ ነገር አስቀድመን እንግባባ። በአገራችን «አካል ጉዳተኛ ስለሆንክ ብቻ» ተብሎ ለሁሉም በየወሩ የሚከፈል ገንዘብ የለም። ያለው ሌላ ነው። በሥራ ላይ ከተጎዳችሁ አሠሪው አለ። ጡረታ ስትከፍሉ ከነበረ የጡረታ ፈንዱ አለ። ከሁለቱም ውጭ ሆናችሁ ኑሯችሁ ዝቅተኛ ከሆነ ሴፍቲኔት፣ ማለትም ለድሃ ቤተሰብ የሚሰጠው ድጋፍ፣ አለ። ሦስቱም የየራሳቸው ሰዓት አላቸው። ሰው የሚጎዳው አብዛኛውን ጊዜ የአንዱን ሰዓት በሌላው ሲቆጥር ነው።

የመጀመሪያው ዓመት፦ የአሠሪው ኪስ

ሕጉ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። በሥራ ላይ ጉዳት ሲደርስ አሠሪው ጥፋተኛ ሆነም አልሆነም ኃላፊነት አለበት። ሠራተኛው ሆን ብሎ ራሱን ከጎዳ፣ ሰክሮ ከሠራ ወይም በግልጽ የተነገረውን የደኅንነት መመሪያ ከጣሰ ነው ነገሩ የሚለወጠው። ከዚያ በቀር «አንተ ራስህ እጅህን አስገባህ» የሚለው ወሬ ክፍያ አያስቀርም።

ተጎድታችሁ ከሥራ ውጭ ሳላችሁ በየወሩ የሚሰጠው ክፍያ ቢበዛ ለ12 ወር ነው። የመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ሙሉ ደመወዝ ይከፈላል። ቀጥሎ ያሉት 3 ወራት ከደመወዙ 75 በመቶ የማያንስ፣ የመጨረሻዎቹ 6 ወራት ደግሞ ከ50 በመቶ የማያንስ ነው። ስሌቱ የሚነሳው ከጉዳቱ በፊት ይገኝ ከነበረው አማካይ ደመወዝ ነው።

በቁጥር እንየው። ኮምቦልቻ ክር ማጠንጠኛ ማሽን ላይ የሚሠራ፣ በወር 6,000 ብር የሚያገኝ ልጅ ሁለት ጣቱን አጣ እንበል። መጀመሪያ ሦስት ወር 18,000 ብር። ቀጥሎ በወር 4,500 ሒሳብ 13,500 ብር። ቀሪው ስድስት ወር በወር 3,000 ሒሳብ 18,000 ብር። ድምሩ 49,500 ብር ነው። ሳይጎዳ ቢሠራ ኖሮ በዓመት 72,000 ያገኝ ነበር። እኔን የሚያናድደኝ ቅነሳው ሳይሆን የቅነሳው ሰዓት ነው። መጀመሪያ ወር ላይ ጠያቂ ይበዛል፣ ጎረቤት እንጀራ ይዞ ይመጣል፣ የሥራ ባልደረባ ያዋጣል። ሰባተኛው ወር ላይ ማንም የለም። ደመወዙ ግማሽ የሚሆነው ያኔ ነው።

የሕክምና ወጪ ከዚህ ደመወዝ አይቀነስም። ምርመራው፣ ቀዶ ሕክምናው፣ መድኃኒቱ፣ አስፈላጊ ከሆነም ሰው ሠራሽ አካሉ የአሠሪው ነው። ደሴ ላይ ያለው የአካል ተሃድሶ ማዕከል ሰው ሠራሽ እግርና ክራንች ይሠራል። «ነፃ ነው አሉ» ብላችሁ ከመሄዳችሁ በፊት ጉዳቱ የሥራ ላይ መሆኑን ለድርጅቱ አሳውቁ። ሕክምናው የሚቆምበትንም ቀን የሚወስነው የሕክምና ቦርዱ እንጂ የድርጅቱ ሒሳብ ክፍል አይደለም።

የየወሩ ክፍያ ከ12 ወር በፊትም ሊቆም ይችላል። ሐኪም «ድኗል» ብሎ ካረጋገጠ ይቆማል። የጉዳት ጡረታ ወይም ዳረጎት፣ ማለትም አንዴ ብቻ የሚከፈል ገንዘብ፣ የማግኘት መብት ከተፈጠረም ይቆማል። ሁለቱም ካልሆነ ሥራ ካቆማችሁበት ቀን ጀምሮ 12 ወር ሲሞላ ያበቃል። ከሦስቱ የቀደመው ይሠራል።

ቦርዱ፣ መቶኛውና ማንም የማያነባት መስመር

የሕክምና ቦርድ ማለት ሐኪሞች ተሰብስበው «ይህ ሰው ምን ያህል ተጎድቷል?» ለሚለው በመቶኛ የሚመልሱበት ነው። መቶኛውን ከራሳቸው አያመነጩም። በመመሪያ የወጣ ሰንጠረዥ አለ፤ ጣት፣ ዓይን፣ እግር እየተባለ ተዘርዝሮበታል። ቦርድ የሚሰየመው ትልልቅ ሆስፒታል ላይ ነው። ስለዚህ የገጠሩ ሰው መንገድ አለበት። ከተንታ ወይም ከወገልጤና ተነስቶ ደሴ ለመድረስ ቀኑ ሳይበቃው ያድራል። አልጋው፣ ምግቡ፣ አብሮት የሚሄደው ሰው፣ ሁሉም ወጪ ነው።

ሕጉ ቦርዱ የጉዳቱን መጠን፣ እስከተቻለ ድረስ፣ ጉዳቱ በደረሰ በ12 ወር ውስጥ ይወስን ይላል። እዚህ ጋ ቆም በሉ። የአሠሪው ክፍያ ቢበዛ 12 ወር ነው። ቦርዱም የተሰጠው 12 ወር ነው። «እስከተቻለ ድረስ» የምትለው ቃል ግን ቦርዱ ጋ እንጂ አሠሪው ጋ የለችም። ቦርዱ ቢዘገይ የአሠሪው ሰዓት አይጠብቅም። 13ኛው ወር ላይ ሰውየው ደመወዝም የለው፣ መቶኛም የለው፣ ጡረታም የለው። ባዶ እጁን ይቀመጣል። ወሎ ውስጥ «ጉዳዬ በሂደት ላይ ነው» እያለ ዕቃ እየሸጠ የሚበላው ሰው ብዙውን ጊዜ እዚህ ክፍተት ውስጥ የወደቀ ነው።

መድኃኒቱ አንድ ነው፤ ቀድሞ መጀመር። ቁስሉ ሲጠግግ፣ ማለትም ሐኪሙ «ከዚህ በኋላ ብዙ ለውጥ አይኖርም» ሲል፣ ለቦርድ የሚያቀርብ ደብዳቤ ከድርጅቱ ጠይቁ። ደመወዙ ግማሽ ሲሆን አትጠብቁ። ጎረቤት «አብሽር፣ ይከፈላል» ይላል። አላህ ይስጠው፣ ለልቡ ደግ ነው። ለቀጠሮው ግን አይረዳም።

አሁን ወደ ወረቀቱ። አንድ ሰው ያሳየኝ ወረቀት አራት ቦታ ታጥፎ፣ በፌስታል ተጠቅልሎ፣ ከኮቱ ውስጠኛ ኪስ ነው የወጣው። አናቱ ላይ የካርድ ቁጥር አለ። መሐሉ በሐኪም ጽሕፈት የተሞላ ነው፤ እሱንስ ፋርማሲስት ካልሆነ ማን ያነበዋል! ከሥሩ 20% ይላል፣ በእስክሪብቶ ሁለቴ ተከቦ። ሰውየው የሚያውቀው ያንን ቁጥር ብቻ ነበር። ከማኅተሙ ሥር፣ ግማሹ በቀለም የተሸፈነ አንድ መስመር ነበረ፦ «ከ6 ወር በኋላ ድጋሚ ይታይ»። ወረቀቱን ከያዘ ስምንት ወር አልፎታል።

እንዲህ ያለች መስመር ካለች፣ መቶኛው ገና አልረጋም ማለት ነው። ሐኪሞቹ ጉዳቱ ይሻሻላል ወይም ይብሳል ብለው ጠርጥረዋል። መስመሯ ከሌለችም ግን ጉዳዩ ለዘላለም ተዘጋ ማለት አይደለም። አዋጁ ውሳኔው እንደገና እንዲታይ በር ከፍቷል። ጉዳቱ ሲብስ፣ ሲሻሻል፣ ወይም መጀመሪያ የተሰጠው ምርመራ ስህተት ሆኖ ሲገኝ ዳግም ይታያል። ዳግም ይታይ ብሎ መጠየቅ የሚችለው ሠራተኛው ራሱ ነው፤ አሠሪውም ይችላል፤ ጉዳዩ የሚመለከተው መንግሥታዊ አካልም በራሱ ተነሳሽነት ይችላል።

ውጤቱ በሁለቱም በኩል ይሄዳል። መብት ያልነበረው ሊያገኝ ይችላል። የነበረው ሊያጣ ይችላል። ክፍያው ከፍ ወይም ዝቅ ሊል ይችላል። ስለዚህ «ልሞክረው፣ ምን ቸገረኝ» ተብሎ የሚገባበት በር አይደለም። እጃችሁ በእርግጥ ከብሶ ከሆነ ግን፣ ለምሳሌ ሁለት ጣት የተባለው ወደ አንጓ መድረቅ ካመጣ፣ መጠየቅ መብታችሁ ነው። ከመጠየቃችሁ በፊት የመጀመሪያውን ውሳኔ ቅጂና የአሁኑን የሐኪም ማስረጃ አስተያይታችሁ፣ ልዩነቱ የሚታይ መሆኑን አረጋግጡ።

ሌላም አለ። አንዴ ተጎድቶ መቶኛ የተሰጠው ሠራተኛ እንደገና በሥራ ላይ ቢጎዳ፣ ቦርዱ አዲሱን ጉዳት ለብቻው አይቶ አይተወውም። ሰውየው አሁን ያለበትን ሁኔታ በሙሉ አይቶ መቶኛውን እንደ አዲስ ይወስናል። አንድ ዓይኑን ቀድሞ ያጣ ሰው ሁለተኛውን ሲያጣ፣ የጠፋው አንድ ዓይን ብቻ ነው አይባልም።

ከዚያ በኋላ ማን ይከፍላል?

ጡረታ የምትከፍሉ ከሆነ ጉዳዩ ወደ ጡረታ ፈንዱ ያልፋል። የግል ድርጅት ሠራተኛ ከሆናችሁ አዋጁ 1268/2014 ነው፤ የመንግሥት ሠራተኛ ከሆናችሁ 1267/2014። በግል ድርጅት ሠራተኛው ከደመወዙ 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ ያዋጣሉ። የደመወዝ ወረቀታችሁ ላይ ያቺ 7 በመቶ መቆረጧን ብቻ አይታችሁ አትርኩ። ገንዘቧ በስማችሁ ገቢ መሆኗንም ጠይቁ።

እዚህ ላይ ሦስት ዓይነት ክፍያ አለ። ሰው የሚያምታታው እነዚህን ነው፤ ትንሽ እንቆይባቸው።

አንደኛው የጉዳት ጡረታ አበል ነው። በሥራ ላይ የደረሰው ጉዳት 10 በመቶና ከዚያ በላይ ሆኖ፣ ሰውየው ለዘለቄታው መሥራት ካልቻለ የሚሰጥ ነው። መጠኑ ጉዳቱ ከመድረሱ በፊት በነበረው ወር ይከፈለው ከነበረው ደመወዝ 47 በመቶ ነው። ለ6,000 ብር ደመወዝተኛ በወር 2,820 ብር ይሆናል። በአገልግሎት ዘመኑ ተሰልቶ የሚገኘው ጡረታ ከዚህ ከበለጠ የሚበልጠው ይከፈለዋል። ይህ በየወሩ የሚመጣ ገንዘብ ነው። ሰው «ዕድሜ ልክ» ሲል የሚያስበውም ይህንን ነው።

ሁለተኛው የጉዳት ዳረጎት ነው። ጉዳቱ 10 በመቶና ከዚያ በላይ ነው፤ ሰውየው ግን መሥራት ይችላል። ይህ ሰው የሚከፈለው አንዴ ነው። ደመወዙ በ47 በመቶ ይባዛል፣ በ60 ይባዛል፣ ከዚያ በጉዳቱ መቶኛ ይባዛል። የማሽኑን ልጅ እንውሰድ፤ ቦርዱ 20 በመቶ ሰጠው፣ መሥራትም ይችላል። 2,820 በ60 ሲባዛ 169,200 ብር ነው። የዚህ 20 በመቶ 33,840 ብር ይሆናል። ያ ነው። በሚቀጥለው ወር የሚመጣ ነገር የለም። ወረቀቱ ላይ «ዘላቂ ከፊል ጉዳት» የተባለ ሰው በየወሩ ይመጣል ብሎ ባንክ የሚመላለሰው ይህን ስላልነገሩት ነው። ዘላቂ የተባለው ጉዳቱ ነው፤ ክፍያውን የሚወስነው መሥራት መቻል አለመቻሉ ነው።

ከ10 በመቶ በታች የሆነ ጉዳት ከጡረታ ፈንዱ ምንም አያስገኝም። 9 እና 10 መካከል ያለችው አንድ ቁጥር ስንት ብር እንደሆነች አስቡት። ዳግም ይታይልኝ የሚባልበት በቂ ምክንያት ካለ፣ አንዱ ይህ ነው።

ሦስተኛው የጤና ጉድለት ጡረታ ነው። ይህ ከሥራ አደጋ ጋር አይገናኝም። ስኳር፣ ኩላሊት፣ ከሥራ ውጭ የደረሰ የመኪና አደጋ፣ የዓይን ብርሃን መድከም ሊሆን ይችላል። በሕክምና ማስረጃ ለሥራ ብቁ አይደለም የተባለ ሰው ቢያንስ 10 ዓመት ካገለገለ አበሉን ዕድሜ ልኩን ያገኛል። 10 ዓመት ካልሞላው የሚሰጠው አንድ ጊዜ የሚከፈል ዳረጎት ነው። «በቦርድ ጡረታ ወጣ» የሚባለው አብዛኛው አስተማሪና የጽሕፈት ቤት ሠራተኛ እዚህ ውስጥ ነው። ስሌቱ ለሲቪል ሠራተኛ የመጨረሻዎቹ 3 ዓመታት አማካይ ደመወዝ 30 በመቶ፣ ከ10 ዓመት በላይ ለሆነው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ተጨምሮበት ነው፤ ከ70 በመቶ አያልፍም። 18 ዓመት ያገለገለ፣ አማካይ ደመወዙ 8,000 ብር የሆነ መምህር 40 በመቶ ያገኛል፤ በወር 3,200 ብር።

እዚህ ጋ አንድ ምክር። ዘጠኝ ዓመት ከስምንት ወር ያገለገለ ታማሚ ሠራተኛ መልቀቂያ ለመጻፍ ከመቸኮሉ በፊት ይቁጠር። አራት ወር በሕመም ፈቃድ መቆየት መቻል አለመቻሉ የወር አበልንና የአንድ ጊዜ ዳረጎትን ይለያል። ለግል ድርጅት ሠራተኛ የሕመም ፈቃድ በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር ነው፤ አንደኛው ወር ሙሉ፣ ቀጣዮቹ ሁለቱ በግማሽ ደመወዝ፣ የቀሩት ሦስቱ ያለ ደመወዝ። ያለ ደመወዝ የተባለውም ቢሆን የሥራ ውሉ አልተቋረጠም ማለት ነው፤ ለጡረታ አገልግሎት መቆጠር አለመቆጠሩን ግን ቀድማችሁ ጠይቁ። የተቆራረጠ አገልግሎትና የቀድሞ መሥሪያ ቤት ዘመንም ካለ ማስረጃውን አሰባስቡ።

በጡረታ ሕጉ የማይሸፈን ሠራተኛስ? ለእርሱ አሠሪው ራሱ አንዴ ይከፍላል። ሙሉ ዘላቂ ጉዳት ከሆነ የ5 ዓመት ደመወዝ፣ ከፊል ከሆነ በመቶኛው ልክ። 6,000 ብር ሲያገኝ የነበረ ሰው 20 በመቶ ቢጎዳ 72,000 ብር ይሆናል። ከላይ ካየነው ዳረጎት ከእጥፍ በላይ ነው። ለምን እንዲህ ሆነ ብትሉኝ፣ አንዱ ከጋራ ፈንድ፣ ሌላው በቀጥታ ከአሠሪው ስለሚወጣ ነው ከማለት በቀር የሚያረካ መልስ የለኝም። ለቀን ሠራተኛና ለትንንሽ ጋራዥ ልጆች ይህን ማወቅ ትልቅ ነገር ነው፤ «ቋሚ አይደለህም» ተብለው በሁለት ሺህ ብር የሚሸኙት እነሱ ናቸውና። ከእነዚህ የጉዳት ክፍያዎች ላይ የገቢ ግብር አይቆረጥም።

ክፍያው መሐል ላይ የሚታገድበት

ይህን ብዙ ሰው አያውቅም። ክፍያ እየተቀበለ ያለ ወይም የጠየቀ ሠራተኛ የሕክምና ምርመራ አልሄድም ቢል፣ ቸል ቢል፣ ምርመራውን ሆን ብሎ ቢያጓትት፣ ወይም እንዳይድን የሚያደርግ ነገር ቢያደርግ ክፍያው ሊታገድ ይችላል። ምክንያቱ ሲወገድ ክፍያው ይቀጥላል። የታገደበት ጊዜ ግን ወደ ኋላ ተቆጥሮ አይከፈልም።

ቀጠሮ ያመለጠው ሁሉ ግን እምቢተኛ አይደለም። መንገድ ተዘግቶ፣ ትራንስፖርት ጠፍቶ፣ ክረምት ላይ ወንዝ ሞልቶ የቀረ ሰው አለ። ያኔ ዝም ብሎ በሚቀጥለው ወር መሄድ ሳይሆን፣ በዚያው ሳምንት ከቀበሌም ቢሆን ምክንያቱን የሚገልጽ ደብዳቤ አስጽፎ ለድርጅቱና ለሆስፒታሉ መስጠት ነው። ቅጂው ላይ «ደርሶናል» አስብላችሁ አስፈርሙ።

ሴፍቲኔት፦ በየዓመቱ የሚነበበው ዝርዝር

ደሞዝተኛ ያልነበረው አካል ጉዳተኛ ያለው ኪስ ይህ ነው። የገጠሩ ሴፍቲኔት የተጀመረው በ1997 ዓ.ም. ሲሆን፣ ሰሜን ወሎና ደቡብ ወሎ፣ ዋግ ኽምራም፣ ከመነሻው የሚያውቁት ነው። መሥራት የሚችል ቤተሰብ እርከን ይሠራል፣ ችግኝ ያፈላል፣ መንገድ ይጠርጋል፤ ክፍያውም በዓመት ለ6 ወር ነው። መሥራት የሚችል ሰው የሌለበት ቤተሰብ ግን፣ አካል ጉዳተኛ፣ አቅመ ደካማ አረጋዊ ወይም በጽኑ የታመመ ሰው ብቻ ያለበት፣ ሳይሠራ ለ12 ወር ይከፈለዋል። ይህ ቋሚ ቀጥታ ድጋፍ ይባላል። ጊዜያዊ ቀጥታ ድጋፍም አለ፤ ለጊዜው የታመመ ሰው፣ ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ሥራው ይቀርላቸውና ክፍያው ይቀጥላል። ሲድኑ ወይም ጊዜው ሲያልፍ ወደ ሥራው ይመለሳሉ።

ልብ በሉ፣ መስፈሪያው ቤተሰብ ነው። አንድ እግሩ የተቆረጠ አባት ያለበት ቤት ውስጥ 20 ዓመት የሞላው ጤነኛ ልጅ ካለ፣ ቤቱ «መሥራት የሚችል አለበት» ተብሎ ወደ ሥራው ዝርዝር ይገባል። ልጁ ሥራ ፍለጋ ሎጊያ ወይም ጅቡቲ ከሄደ ደግሞ ሁኔታው ተለወጠ። ሐኪም ምንም ሳይወስን፣ የአባት እግር ምንም ሳይሆን፣ ቤተሰቡ ከአንዱ ዝርዝር ወደ ሌላው ሊዞር ይችላል። እዚህ ዳግም የሚታየው ጉዳቱ ብቻ ሳይሆን ቤቱም ነው።

የሚያየውም የሐኪም ቦርድ አይደለም። የቀበሌና የማኅበረሰብ የምግብ ዋስትና ግብረ ኃይል ነው። ዝርዝሩ ይከለሳል፣ በስብሰባ ይነበባል፣ ይለጠፋል። ዋርካው ሥር ስሙ ሲነበብ ያልተገኘ ሰው መውጣቱን የሚያውቀው የክፍያ ቀን ተሰልፎ ነው። መራመድ የማይችል፣ መስማት የተሳነው ወይም የአልጋ ቁራኛ ደግሞ ስብሰባው ላይ አይገኝም፤ ድጋፉ የተሠራው ለማን ሆነና! ስለዚህ ከቤተሰብ ወይም ከጎረቤት አንድ ሰው ይሂድ። ስም ካልተነበበ ዕለቱኑ የቀበሌው ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ጋ ይመዝገብ። «እትዬ፣ የሚቀጥለው ዓመት ይታያል» ከተባለ በኋላ መመለስ ከባድ ነው።

ደሴ ከተማ ደግሞ የከተማው ሴፍቲኔት መጀመሪያ ከገባባቸው 11 ከተሞች አንዷ ናት። እዚያም ጽዳትና መናፈሻ ላይ ከሚሠሩት ሌላ፣ መሥራት ለማይችሉት ቀጥታ ድጋፍ የሚባል ክፍል አለ። የሚሠሩት ከሦስት ዓመት በኋላ ይመረቃሉ፤ ቀጥታ ድጋፍ የሚያገኙት ለሥራ የተዘረጋው ሰሌዳ አይመለከታቸውም።

የጤና መድህን ደብተሩም አብሮ ይነሳ። መክፈል አይችልም ተብሎ የተመዘገበ ሰው መዋጮው ይከፈልለታል። አባልነቱ ግን በየዓመቱ ይታደሳል። ሴፍቲኔት ስላለ እሱም በራሱ ይቀጥላል ብላችሁ አትተማመኑ። ሁለት የተለያየ ጠረጴዛ ነው።

ውጭ ያሉት ዘመዶችስ?

«አሜሪካ ያለችው እህቴ በየጊዜው ወረቀት ትሞላለች፤ እኛ ጋ ለምን የለም?» የሚልም አለ። እዚያ የሶሻል ሴኩሪቲ የአካል ጉዳት ክፍያ ሲፈቀድ፣ የሚቀጥለው ክለሳ መቼ እንደሚሆን አብሮ ይታሰባል። መሻሻል ይጠበቃል ከተባለ ከ6 እስከ 18 ወር ባለው ጊዜ ይታያል። ሊሻሻል ይችላል ከተባለ በየ3 ዓመቱ ገደማ፣ አይጠበቅም ከተባለ ከ5 እስከ 7 ዓመት ባለው ጊዜ። እንግሊዝ አገር ደግሞ የጊዜ ገደብ የሌለው የተባለው ክፍያ እንኳ በ10 ዓመት ገደማ ቀለል ባለ መንገድ ይታያል። የእነሱ ቀን ተቆርጦ ይነገራል። የእኛው ምክንያት ሲፈጠር ነው የሚነሳው። ለዚህ ነው እኛ ጋ ቀኑን ራሳችሁ መያዝ ያለባችሁ፤ የሚያስታውስ ደብዳቤ ቤታችሁ አይመጣም።

ካልተስማማችሁ

መንገዱ እንደ ኪሱ ይለያያል። የአሠሪው ክፍያ ከሆነ መጀመሪያ የከተማው የሥራና ሥልጠና ጽሕፈት ቤት፣ የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪው ጋ ሂዱ፤ ካልሆነ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት አለ። ሠራተኛ ለዚህ የዳኝነት ክፍያ አይጠየቅም። ግን ይርጋ አለ፤ ከሥራ ግንኙነት የመነጨ ጥያቄ ሌላ ጊዜ ካልተወሰነለት በቀር በአንድ ዓመት ይታገዳል። «ሽማግሌ እያየው ነው» ማለት ይርጋውን አያቆመውም። ሽምግልናው ይቀጥል፤ ማመልከቻውም ይግባ።

የጡረታ ጉዳይ ከሆነ መጀመሪያ የሚመለከተው የማኅበራዊ ዋስትና አስተዳደር ነው። ውሳኔው ካላረካችሁ የማኅበራዊ ዋስትና ይግባኝ ጉባኤ አለ። ውሳኔውን በጽሑፍ መጠየቅ አትርሱ። በመስኮት «አይመለከትህም» ተብሎ በተነገረ ቃል ላይ ይግባኝ አይባልም።

ወረቀት ላይ የሚያከራክረው ሌላው ነገር ማስረጃ ነው። በ2014 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ሆስፒታልም፣ ፋብሪካም፣ ቢሮም ተዘርፏል። ከዚያ በፊት የተጎዳ ሰው የካርድ ፎልደሩ ላይገኝ ይችላል። ቤት ውስጥ ያለው የድሮ የመድኃኒት ማዘዣ፣ የሪፈር ወረቀት፣ የደመወዝ ፔሮል ቅጂ፣ የአደጋ ሪፖርት፣ የድርጅቱ መታወቂያ፣ አንድም አይጣል። ያኔ አብረው ይሠሩ የነበሩ ሁለት ሰዎች ምስክር ካሉ ስማቸውንና ስልካቸውን ያዙ፤ ፋብሪካ ሲቀያየር ሰው ይበተናል። የቦርዱን ወረቀት ደግሞ ፊትና ጀርባውን ፎቶ አንስታችሁ ለልጃችሁ በቴሌግራም ላኩለት። ማኅተሙ ሥር ያለችው መስመር ፎቶው ላይ የምትነበብ መሆኗን አጉልታችሁ እዩ፤ ካልተነበበች ከሆስፒታሉ ሳትወጡ አስነብቧት።